ሰንሰለቱ ሲንቃጨል

በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት፣ አርሊንግተን ውስጥ ብሉሞንት የሚባል መናፈሻ አለ። ሐበሻ በብዛት ከሚኖርባቸው የዋሽንግተን ዙሪያ ሰፈሮች ብዙም አይርቅም። በመናፈሻው የሚያልፍ እግረኛ ከመንገዱ ፈንጠር ብሎ፣ በዛፎቹ መካከል፣ አንድ የብረት ምሰሶ ቆሞ ያያል። ምሰሶው ከወገቡ ላይ ክብ ቅርጫት ታጥቋል፤ ከራሱ ላይ ደግሞ እንደ ጥላ ዘርፍ ዙሪያውን የተንጠለጠሉ ሰንሰለቶች አሉት። ትንሽ አለፍ ሲሉ ሌላ ተመሳሳይ ምሰሶ፣ ከዚያ ወዲያም ሌላ። ቆሻሻ መጣያ ነው እንዳይባል ሰንሰለቱ ምን ያደርጋል? የአበባ ማስቀመጫ ነው እንዳይባል አበባ አልተቀመጠበትም።

ቆም ብሎ ለጠበቀ ሰው መልሱ ከዛፎቹ ጀርባ ይመጣል። ትንሽ ሰፌድ የመሰለ ነገር እየተሽከረከረ ይወጣና ሰንሰለቱን ይመታዋል። ሰንሰለቱ ይንቃጨላል፤ ሰፌድ መሳዩም ቅርጫቱ ውስጥ ዱብ ይላል። ከኋላው ሁለት ሦስት ሰዎች ቦርሳቸውን አንግተው ብቅ ይላሉ፤ ያስቀመጡትን ዕቃ እንደሚወስዱ ሰዎች ዲስኩን ከቅርጫቱ አንስተው ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ።

ጨዋታው ዲስክ ጎልፍ ይባላል። ስሙ እንደሚናገረው ጎልፍ ነው፤ ዱላና ኳስ ግን የለውም። ተጫዋቹ ከተወሰነ መነሻ ላይ ዲስኩን ይወረውራል፣ ዲስኩ ወደ ወደቀበት በእግሩ ይሄዳል፣ ከዚያው ቦታ ደግሞ ይወረውራል፤ ቅርጫት ውስጥ እስኪገባ ድረስ እንዲህ ይቀጥላል። በትንሽ ውርወራ የጨረሰ አሸናፊ ነው። ከአንዱ መነሻ እስከ ቅርጫቱ ያለው ርቀት «ሆል» ይባላል። መሬቱ ላይ አንድም ቀዳዳ ባይኖርም ስሙ ከጎልፍ ተወርሶ ቀርቷል። ሙሉ ዙር ብዙውን ጊዜ 18 ሆል ሲሆን ብሉሞንትን የመሰሉ ትንንሽ ሜዳዎች 9 አላቸው። ዛሬ በዓለም ላይ ከ15 ሺህ በላይ እንዲህ ያሉ ሜዳዎች አሉ፤ አብዛኛዎቹ የሚገኙት አሜሪካ ውስጥ ነው።

ጨዋታውን ከሥሩ ለማየት ግን አገሩን ከዳር ዳር አቋርጦ ካሊፎርኒያ መዝለቅ ያስፈልጋል።

ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ካለው የሎስ አንጀለስ «ሊትል ኢትዮጵያ» ተነስቶ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚነዳ ሰው፣ መንገዱ ካልተጨናነቀ በአንድ ሰዓት ውስጥ ፓሳዴና ዳርቻ ላይ ወዳለው የሀሃሞንግና መናፈሻ ይደርሳል። ቦታው የሳን ገብርኤል ተራሮች ወደ ሸለቆ የሚወርዱበት ነው። የክረምት ዝናብ ካልመጣ በቀር ወንዙ፣ አሮዮ ሴኮ፣ እንደ ስሙ ደረቅ ነው፤ ትርጉሙም በስፓኒሽ «ደረቅ ጅረት» ማለት ነው። በሸለቆው አፋፍ ላይ ያረጁ የኦክ ዛፎች ግንዳቸውን ጠምዝዘው፣ ቅርንጫፋቸውን እስከ መሬት አውርደው ቆመዋል። ኦክ ግሮቭ የሚባለው የዲስክ ጎልፍ ሜዳ በእነዚህ ዛፎች ሥር ነው። በዓለም የመጀመሪያው ቋሚ የዲስክ ጎልፍ ሜዳ ሆኖ የተተከለው በ1975 ነው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጎረቤቱ የናሳ የጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ፣ ማለትም ወደ ማርስና ከዚያም ወዲያ መንኮራኩር የሚልከው ተቋም ነው። ይህ ጉርብትና የአጋጣሚ ቢሆንም በኋላ የምንመለስበት ምክንያት አለን።

የመጀመሪያው ሆል መነሻ ላይ የቆመ ጀማሪ ቶሎ የሚሠራው ስህተት በክንዱ ጉልበት መወርወር ነው። ዲስኩ ብድግ ይልና አፍንጫውን ወደ ሰማይ ቀና አድርጎ ይቆማል፤ ከዚያም ከጥቂት ሜትሮች በኋላ ወደ ግራ ዘንበል ብሎ ይወድቃል። አብሮት ያለው የቆየ ተጫዋች ደግሞ፣ ምናልባትም በዕድሜ የገፋ ሰው፣ ያለ ብዙ ትግል ሰማንያ ሜትር ያሳልፈዋል። ልዩነቱን ለመረዳት የቡሄን ጅራፍ ማስታወስ ይበቃል። ጅራፍ የሚያጮህ ልጅ ክንዱን ብቻ አይጠቀምም። እግሩን ተክሎ፣ ወገቡን አዙሮ፣ ጉልበቱን በትከሻው በኩል ወደ እጁ ይሰዳል፤ ፍጥነቱ እያደገ ሄዶ ጫፉ ላይ ይፈነዳል። የዲስክ ውርወራም እንዲሁ ነው። የተለመደው አወራወር በእጅ ጀርባ በኩል ያለው ነው፤ ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሰው ቀኝ ትከሻውን ወደ ቅርጫቱ አዙሮ ይቆማል፣ ዲስኩን በደረቱ ፊት ይስበዋል፣ ወገቡ ቀድሞ ይዞራል፣ ክንዱ ይከተላል፣ አንጓው መጨረሻ ላይ ይለቀዋል።

ዲስኩን አየር ላይ የሚያቆመው ግን ፍጥነቱ ብቻ አይደለም፤ መሽከርከሩም ነው። ጥጥ የሚፈትሉ እናቶች እንዝርቱን በጣታቸው ሲያሾሩት ቀጥ ብሎ እንደሚቆም፣ ሽክርክሪቱ ሲደክም ደግሞ መንገዳገድ እንደሚጀምር ያየ ሰው ነገሩን በግማሽ ያውቀዋል። የሚሽከረከር ነገር አቅጣጫውን በቀላሉ አይለቅም። ያው ጎረቤት ላቦራቶሪ በ1958 ከሠራዊቱ ሮኬት ሠሪዎች ጋር ሆኖ የመጀመሪያዋን የአሜሪካ ሳተላይት ኤክስፕሎረር 1ን ሲልክ፣ የላይኞቹን ሮኬቶች ገና ከመሬት ሳይነሱ ያሽከረክራቸው የነበረው በዚሁ ምክንያት ነው። በአጥር ወዲህና ወዲያ ያለው የተፈጥሮ ሕግ አንድ ነው።

ዲስክ ግን ክንፍም ነው። አየሩ ከሥሩ ሲገፋው ግፊቱ መሐሉ ላይ እኩል አያርፍም፤ ፊቱን ወይም ኋላውን ሊያነሳ ይሞክራል። የሚሽከረከር ነገር ደግሞ ፊቱን ሲያነሱት በጎኑ ይመልሳል። በእጁ ጀርባ የሚወረውር ቀኝ እጅ ተጫዋች ያለው ዲስክ ከላይ ሲታይ በሰዓት አቆጣጠር አቅጣጫ ይዞራል፤ ስለዚህ ገና በፍጥነት ላይ ሳለ ትንሽ ወደ ቀኝ ያዘነብላል፣ ፍጥነቱ ሲቀንስ ደግሞ ወደ ግራ ይታጠፋል። በግራ እጅ ለሚወረውር ሁሉም ይገለበጣል። የጀማሪው ዲስክ ወደ ግራ የወደቀው እንግዲህ ስለተሳሳተ አይደለም። ሕጉን ጠብቆ ነው የወደቀው፤ ፍጥነት ስላልተሰጠው መታጠፊያው ቶሎ ደረሰበት እንጂ።

ተጫዋቾች ይህን ጠባይ በአራት ቁጥሮች ይለኩታል። ዲስኩ ላይ ታትመው የሚታዩት ቁጥሮች በቅደም ተከተል ፍጥነትን፣ አየር ላይ መቆየትን፣ መጀመሪያ ወደ ቀኝ ማዘንበልን፣ መጨረሻ ወደ ግራ መታጠፍን ያመለክታሉ። ኢኖቫ የተባለው ኩባንያ የሚሠራው «አቪያር» የሚባል ዲስክ 2፣ 3፣ 0፣ 1 ይላል፤ ዝግ ያለ፣ ቀጥ ብሎ የሚሄድ፣ ለቅርብ ርቀት የሚሆን «ፓተር» ነው። የዚያው ኩባንያ «ዲስትሮየር» ደግሞ 12፣ 5፣ −1፣ 3 ይላል፤ ጠርዙ ስለታም፣ ለሩቅ የሚወረወር «ድራይቨር»። በሁለቱ መካከል «ሚድሬንጅ» የሚባሉት አሉ። አብዛኛው ጀማሪ ሱቅ ገብቶ በጣም ፈጣኑን መርጦ ይወጣል። ይህ ግን ገና መንዳት ለሚማር ሰው የእሽቅድምድም መኪና መስጠት ነው፤ ፈጣን ዲስክ የሚገባውን ፍጥነት ካላገኘ ወዲያው ወደ ግራ ወድቆ ያርፋል። አንድ ፓተርና አንድ ሚድሬንጅ ለመጀመሪያው ወር ከበቂ በላይ ናቸው። ዋጋቸው እያንዳንዱ ከ10 እስከ 20 ዶላር ነው። በአብዛኛው የሕዝብ ሜዳ ለመጫወት ደግሞ ክፍያ የለም።

እነዚህ ስለታም ጠርዝ ያላቸው ዲስኮች ከባሕር ዳርቻው ፍሪዝቢ ጋር አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ታሪኩም በባሕር ዳርቻ ያልፋል። ፍሬድ ሞሪሰን የተባለ ወጣት በ1937 በአንድ የቤተሰብ በዓል ላይ የፈንዲሻ ቆርቆሮ ክዳን ከፍቅረኛው ጋር ሲወራወር ዋለ። ክዳኑ ቶሎ ሲጎረብጥ ወደ ኬክ መጋገሪያ ቆርቆሮ ተሸጋገሩ። በዓመቱ ሳንታ ሞኒካ አሸዋ ላይ እየተወራወሩ ሳለ አንድ ሰው መጥቶ ቆርቆሮውን በ25 ሳንቲም ልግዛችሁ አላቸው፤ እነሱ የገዙት በ5 ሳንቲም ነበር። ሞሪሰን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጦር አውሮፕላን አብራሪ ሆኖ ተዋጋ፣ ተማረከም። አብራሪነቱ ስለ ክንፍ ያስተማረውን ይዞ ተመለሰና ከፕላስቲክ የሚበር ሳህን ሠራ። በ1957 ዋም-ኦ የተባለው የመጫወቻ ኩባንያ ዲስኩን ከእሱ ገዝቶ ብዙም ሳይቆይ «ፍሪዝቢ» የሚል ስም አወጣለት። ስሙ የመጣው በኮነቲከት ግዛት ብሪጅፖርት ከተማ ከነበረው ከፍሪዝቢ የፓይ ዳቦ ቤት ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ፓዩን ከበሉ በኋላ ቆርቆሮውን እርስ በርስ ይወራወሩ ነበር።

ኤድ ሄድሪክ የተባሉ ሰው በዋም-ኦ ሥራ የጀመሩት በ1964 ነው። የሚበረውን ሳህን አይተው መጫወቻ ብቻ ሆኖ መቅረቱ ቆጫቸው። በላዩ ላይ ክብ ክብ ሸንተረሮች አወጡለት፤ አየሩን እየከፈለ በረጋ አካሄድ እንዲበር አደረጉት፤ ለዚህም በ1967 የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኙ። ከዚያ በኋላ በሐሳባቸው የያዙት አንድ ጥያቄ ነበር፦ ዲስክ ለመቀባበል ብቻ ሳይሆን ለመወዳደር እንዲሆን ምን ያስፈልገዋል?

በዲስክ ጎልፍ መጫወትን የፈጠሩት ሄድሪክ ብቻቸውን አይደሉም። ካናዳ ውስጥ፣ ሳስካችዋን ግዛት፣ ብላድወርዝ በተባለች ትንሽ ከተማ ልጆች በ1926 በቆርቆሮ ክዳን ተመሳሳይ ጨዋታ ይጫወቱ ነበር። በ1960ዎቹም በካሊፎርኒያ የወጣቶች መዝናኛ ውስጥ ዛፍንና ምሰሶን ዒላማ እያደረጉ የሚወዳደሩ ነበሩ። የሄድሪክ ድርሻ ጨዋታውን መሬት ላይ መትከላቸው ነው። በኦክ ግሮቭ መጀመሪያ የተተከሉት ዒላማዎች ግን ዛሬ የምናያቸው ቅርጫቶች አልነበሩም። ተራ ምሰሶዎች ነበሩ። ዲስኩ ምሰሶውን ከነካ ገብቷል ይባላል። ከሃያ ሜትር ላይ ቆሞ የሚያይ ሰው ግን ነክቷል ወይስ ጎኑን ታክኮ አልፏል? አንዱ ነካ ይላል፣ ሌላው አልነካም ይላል። ጨዋታው ወደ ሙግት ይዞራል።

ሄድሪክና ልጃቸው ኬን መልሱን ያገኙት ከሰንሰለት ነው። ዲስክ በፍጥነት መጥቶ ጠንካራ ነገር ከነካ ተመልሶ ይሄዳል፤ ልል ነገር ከነካ ግን ጉልበቱን እዚያው ያራግፋል። ሰንሰለቱ ልል ነው፤ ዲስኩን ይቀበለዋል፣ ያዘገየዋል፣ ወደ ታች ይጥለዋል። ከሥሩ ያለው ቅርጫት ደግሞ ይይዘዋል። ለዚህ ሥራቸው በ1977 የፈጠራ መብት ተሰጣቸው። በቅርጫቱ ውስጥ ያረፈ ወይም ሰንሰለቱ ላይ የተንጠለጠለ ዲስክ ገብቷል፤ ጣራው ላይ የተቀመጠ ግን አልገባም። ክርክር የለም። ዳኛ ማቆምም አላስፈለገም፤ ሰንሰለቱ ራሱ ይፈርዳል፣ ፍርዱንም ከሩቅ የቆመ ሰው ሁሉ ይሰማል። ዛሬ ብዙ ተጫዋች ስለ ጨዋታው ምን ትወዳለህ ቢባል ያንን ድምፅ ይጠቅሳል። ይህ ጽሑፍም አንድ ነገር ለማለት ከተነሳ ይህን ነው፦ ዲስክ ጎልፍ የተስፋፋው ዲስኩ ስለሚበር ብቻ አይደለም። ለማረፊያው ማንም ሊያየውና ሊሰማው የሚችል ቤት ስለተሠራለት፣ ያም ቤት በማንኛውም የሕዝብ ጫካ ውስጥ በአንድ ምሰሶ ሊቆም ስለሚችል ነው።

ሄድሪክ በ1976 የዲስክ ጎልፍ ባለሙያዎች ማኅበርን መሠረቱ፤ የአባልነት ቁጥር 1ም የእሳቸው ነው። በ2002 ሲያርፉ አስከሬናቸው ተቃጥሎ አመዱ ከፕላስቲክ ጋር ተቀላቅሎ በዲስክ መልክ ተሠራ፤ ምኞታቸው ይህ ነበር። ለእኛ ባህል እንግዳ የሆነ ስንብት ነው። ያም ሆኖ ሰውየው ይህን ጨዋታ ምን ያህል ከልባቸው ይዘውት እንደነበር ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አይገኝም።

ሌላው ለውጥ የመጣው ከዚያው ከደቡብ ካሊፎርኒያ ነው። ዴቭ ዳኒፔስ የተባለ ሰው በ1983 የዲስኩን ጠርዝ እንደ ቢላ ስሎ ሠራ። እስከዚያ ድረስ ሁሉም የሚወረውረው ለመያዝም የሚሆን፣ ጠርዙ ድብልብል የሆነ ፍሪዝቢ ነበር። አዲሱ ዲስክ አየሩን ሰንጥቆ እየሄደ በጣም ይርቃል፤ በእጅ ሊይዙት ግን ያሳምማል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመቀባበያው ዲስክና የጎልፉ ዲስክ መንገዳቸው ተለያየ። በ2016 ዴቪድ ዊጊንስ የተባለ ወጣት በኔቫዳ በረሃ፣ ነፋስ ከኋላው እየገፋለት፣ 338 ሜትር ወርውሯል። ሦስት የእግር ኳስ ሜዳ ርዝመት ተደርድሮ እንኳ ያን አይሞላም።

ጀማሪያችን ግን ገና አምስተኛው ሆል ላይ ነው። ሜዳው ደልዳላ ቢሆን ምንኛ በቀለለ! የኦክ ቅርንጫፎች ከፊቱ እንደ ቅስት ተጋርደዋል፤ በሥራቸው ዝቅ ብሎ መሄድ፣ ወይም ዙሪያቸውን ታጥፎ መሄድ፣ ወይም ደግሞ በመካከላቸው ባለው የመስኮት ያህል ክፍተት ማለፍ ያስፈልጋል። ደረጃው ከፍ ያለ ተጫዋች ዲስኩን በግራ ጎኑ አዘንብሎ ይለቀዋል፤ ቅስት ሠርቶ ወደ ግራ ይታጠፋል፤ ይህ «ሀይዘር» ይባላል። በቀኝ ጎኑ ካዘነበለው «አንሀይዘር» ነው። አንዳንዱ እጁን ገልብጦ በመዳፉ በኩል ይወረውራል፤ የዲስኩ ሽክርክሪት ስለሚገለበጥ መታጠፉም ወደ ቀኝ ይሆናል። አንዳንዱ ደግሞ በጠርዙ አቁሞ መሬት ላይ እንደ ጎማ ያንከባልለዋል። በአንድ ዙር የሚደረገው ምርጫ ብዙ ነው፤ ጨዋታውን ከእግር ጉዞ የሚለየውም ይህ ምርጫ ነው።

ሕጉ ጥቂት ነው። ዲስኩ የወደቀበት ቦታ በትንሽ ምልክት ይታወቃል፤ ተጫዋቹ ከምልክቱ ኋላ እግሩን ተክሎ ይወረውራል። ከቅርጫቱ የሚርቀው ሰው ቀድሞ ይወረውራል። ተራው የደረሰ ሰው 30 ሰከንድ አለው። ከወሰን ውጭ የወደቀ ዲስክ አንድ ውርወራ ያስቀጣል። የጠፋ ዲስክ ለመፈለግ የሚፈቀደው 3 ደቂቃ ነው። በሀሃሞንግና ዓይነት ጫካ ውስጥ እነዚያ ሦስት ደቂቃዎች ጥንቃቄ ይፈልጋሉ፤ በካሊፎርኒያ የኦክ ዛፎች ሥር ቅጠሉ ሦስት ሦስት እየሆነ የሚበቅል «ፖይዝን ኦክ» የሚባል ቁጥቋጦ አለ፤ የነካውን ሰው ቆዳ ለቀናት ያሳክከዋል፣ ያቆስለዋል።

ዲስኩ ሳይገኝ ከቀረ ነገሩ አላለቀም። ብዙ ተጫዋቾች በዲስካቸው ሥር ስማቸውንና ስልክ ቁጥራቸውን ይጽፋሉ። ያገኘው ሰው ይደውላል፤ መናፈሻው በር ላይ ተገናኝተው ይረካከባሉ። ይህን የሚያስገድድ ሕግ የለም፤ ግን ልማዱ ሥር ሰዷል። ዋጋው ከአንድ ምሳ የማይበልጥ ፕላስቲክ ለባለቤቱ ለመመለስ የማያውቁት ሰው ዘንድ መደወል፣ ጎረቤት ከጎረቤት በማይተዋወቅበት ከተማ ውስጥ ዋጋው ትልቅ ነው።

ሜዳው የተጫዋቾች ብቻ እንዳልሆነም መርሳት አይገባም። በሀሃሞንግና ፈረስ የሚጋልቡ፣ ውሻ የሚያንሸራሽሩ፣ ወፍ ለማየት የሚመጡ ሰዎች በዚያው ዛፍ ሥር ያልፋሉ። መቶ ሰባ ግራም የሚመዝን ጠንካራ ዲስክ ሰው ላይ ካረፈ ያቆስላል። ስለዚህ እግረኛ ካለ ወርዋሪው ይጠብቃል፤ ዲስኩ ካመለጠውም «ፎር!» ብሎ ይጮኻል። ማንኛውም የሕዝብ ሜዳ ላይ የሚሰማው የመጀመሪያ ምክርም ይኸው ነው።

በዚህ ረገድ ዲስክ ጎልፍ ከታላቅ ወንድሙ በጣም ይለያል። መደበኛ የ18 ሆል ጎልፍ ሜዳ ብዙውን ጊዜ ከ50 ሄክታር በላይ መሬት ይወስዳል፤ ሣሩ ይተከላል፣ ይታጨዳል፣ ውሃ ይጠጣል፣ አጥርና ክፍያም አለው። ዲስክ ጎልፍ ያለውን ዳገትና ቁልቁለት እንዳለ ይቀበለዋል። ዛፉ እንቅፋት ሳይሆን የጨዋታው አካል ነው።

ይህ ማለት ግን ዛፉ አይጎዳም ማለት አይደለም። በየቀኑ የሚመቱ ግንዶች ቅርፊታቸው ይላጣል። በመነሻውና በቅርጫቱ ዙሪያ የሚመላለሰው እግር አፈሩን ይጠቀጥቀዋል፤ ዝናቡ ደግሞ አፈሩን አጥቦ ሥሩን ያወጣዋል። ዕድሜ የጠገበ ኦክ ሥሩ ላይ መረገጥን አይወድም። በሚገባ የሚያዙ ሜዳዎች የእንጨት ፍቅፋቂ ያለብሳሉ፣ ቅርጫቱን በየጊዜው ቦታ ይለውጣሉ፣ ፊት ለፊት የሚመቱትን ግንዶች በእንጨት ወይም በገመድ ይሸፍናሉ። ይህን የማያደርግ ከተማ በነፃ ያገኘውን ጫካ በነፃ ያጠፋዋል። ተጫዋቾችም ቅዳሜ ጧት አካፋ ይዘው ሲወጡ ማየት የተለመደ ነው፤ ሊመሰገኑ ይገባል።

ወደ ቅርጫቱ አሥር ሜትር ሲቀር ጨዋታው ይለወጣል። እስከዚያ ድረስ ተጫዋቹ ሮጥ ሮጥ እያለ መወርወር፣ ከወረወረ በኋላም ወደፊት መራመድ ይችላል። በአሥር ሜትሩ ክበብ ውስጥ ግን ከወረወረ በኋላ ሚዛኑን ጠብቆ መቆም አለበት፤ ምልክቱን አልፎ መርገጥ አይፈቀድም። «ፓት» የሚባለው ይህ ነው። ውርወራው ረጋ ያለ ነው፤ ጉልበቱ ከእግር ይነሳል፣ ክንዱ ወደ ሰንሰለቱ ይዘረጋል። ቀላል ይመስላል። ነፋስ ሲመጣ ግን ያው ቀላል የሚመስለው ዲስክ ሰንሰለቱን ስቶ ከኋላ ወዳለው ቁልቁለት ይንከባለላል፤ ሁለት ውርወራ የነበረው አራት ይሆናል። ውድድሮች በአብዛኛው የሚለዩትም እዚህ ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ከሩቅ ይለያሉ። በ2021 የዓለም ሻምፒዮና በዩታ ግዛት ኦግደን ከተማ ተካሄደ። የመጨረሻው ቀን የመጨረሻው ሆል ላይ ጄምስ ኮንራድ፣ እስከዚያ ድረስ አምስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ከሆነው ከፖል ማክቤዝ በአንድ ውርወራ ወደ ኋላ ቀርቷል። ከቅርጫቱ 75 ሜትር ይርቃል። ማድረግ የሚችለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ከዚያው ማስገባት። ወረወረ። ዲስኩ በጎኑ ዘንበል ብሎ ሄዶ ሰንሰለቱን መታ፣ ቅርጫቱም ያዘው። ተመልካቹ ጮኸ። ውጤቱ እኩል ሆነ፣ ወደ ተጨማሪ ሆል ተሄደ፣ ኮንራድም ዋንጫውን ወሰደ። የዚያ ውርወራ ቪዲዮ ስለ ዲስክ ጎልፍ ሰምተው የማያውቁ ሰዎች ዘንድ ሳይቀር ደርሷል።

በዚያው ዓመት ማክቤዝ ዲስክራፍት ከተባለው አምራች ጋር ለአሥር ዓመት 10 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ውል ፈርሟል። ከእሱ በፊት ኬን ክሊሞ 12 ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ ነበር፤ እንዲህ ያለ ገንዘብ ግን በእሱ ዘመን አይታሰብም። ጨዋታው ከአሜሪካም ወጥቷል። በሰሜን አውሮፓ፣ በተለይ ፊንላንድና ኢስቶኒያ ውስጥ፣ ጫካው ብዙ ስለሆነና በበጋ ጀምበር በጣም ዘግይታ ስለምትጠልቅ ሰዉ ከሥራ መልስ ይጫወታል። ኢስቶኒያዊቷ ክሪስቲን ታታር በ2022 እና በ2023 በተከታታይ የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች። የአገሯ ሕዝብ ቁጥር አንድ ሚሊዮን ተኩል እንኳ አይሞላም።

አሥራ ስምንተኛው ሆል ላይ የጀማሪው ክንድ ደክሟል፤ ውርወራው ግን ከመጀመሪያው ሆል ይልቅ ቀጥ ብሏል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የደከመ ክንድ ጉልበቱን ከወገቡ መበደር ይጀምራል። ለአብዛኛው ሆል የሚጠበቀው ውርወራ፣ «ፓር» የሚባለው፣ ሦስት ነው፤ ሁሉም ሆል ሦስት በሆነበት ሜዳ ሲደመር 54 ይሆናል። የጀማሪው ወረቀት ላይ ያለው ቁጥር ከዚያ በጣም ይበልጣል። አብሮት የተጫወተው ሰው ቁጥሩን አይጠይቀውም። የሚጠይቀው የትኛው ሆል ላይ ሰንሰለቱን እንዳስጮኸ ነው፤ ያን ግን ጀማሪው ሳያስብ ይመልሳል።

ከዚያ አንድ ጥቁር እስክሪብቶ ከቦርሳ ይወጣል። ጀማሪው ዲስኩን ይገለብጥና በሸሚዙ ጫፍ አቧራውን ይጠርጋል፤ ቀለሙ እንዲይዝ ቀስ ብሎም ስልክ ቁጥሩን ይጽፍበታል።